የሆድን በሆድ

አማርኛችን ለሆድ ያልሰጠው ሥራ የለም። ቂም የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ምሥጢር የሚቀበረውም እዚያው ነው። ሆደ ሰፊው ይታገሣል፣ ሆደ ባሻው ያለቅሳል፣ ሆዳሙ ወዳጁን ይሸጣል፤ የተጣሉ ሰዎች «ሆድና ጀርባ» ይሆናሉ፤ ብዙ የሚያውቅ ሰው ደግሞ «የሆድን በሆድ» ብሎ ዝም ይላል። ይህን ሁሉ ጓዝ የምናስቀምጥበትን ጎተራ ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት በሕይወት ካለ ሰው ላይ በቢላዋ ሳይከፍት ያየው አልነበረም። የሕፃን ሆድ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ትንሽ ልጅ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሲባል ጣቱን እምብርቱ ላይ ያደርጋል። ጉሮሮው ቢያብጥም እምብርቱን ነው፣ የሳንባ ምች ቢይዘውም እምብርቱን ነው። አፍ ያልፈታው ደግሞ ያንንም አይልም፤ ይጮኻል፣ በቃ።

ጉዳዩን ያነሳነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ ባየነው ነገር ሰበብ ነው። ለማታውቋት፣ መካነ ሰላም የቦረና ከተማ ናት። (የግመልና የኤላ ሀገር የሆነውን የደቡቡን ቦረና አላልንም፣ የወሎውን ነው።) በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጥግ፣ ዓባይ ከጎጃም በገደል የለየው ደጋ ላይ ተቀምጣለች። አማራ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላና ለጋምቦ ጎረቤቶቿ ናቸው። ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ካርታ ላይ ሲያዩት ቅርብ ነው፤ ካርታ ዳገት አያሳይማ!

ከፊታችን ባለው ወንበር ላይ አንዲት እናት የስምንት ወር ያህል ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጁ ይጮኻል፣ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ከዚያ ድንገት ይተወዋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ይጀምራል። አውቶብሱ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ጤና አዳም አሽታ አቀበለች። ሌላዋ «ዓይን ነው፣ ሸፍኚው» አለች። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽረዋል» እያሉ ያጽናኗታል። እናትየዋ እጇ ላይ የተጣጠፈ የሪፈር ወረቀት ነበር፤ አንብቡልኝ ብላ ሰጠችን። የልጁ ሆድ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይላል።

«እዚያው አልነበረም እንዴ ማሽኑ?» አልናት።

«ማሽኑማ አለ አሉ። የሚያየው ሰውዬ ነው የሌለ።»

ይችን አንድ መስመር ይዘን ወደ ታሪክ ገባን። ሩቅ መሄድ ያስፈልገናል ብለን ነበር፤ መነሻውን ግን እዚያው ደጋ ላይ አገኘነው።

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አምባ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ከሐምሌ 1858 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ አምባ ላይ ካሰሯቸው አውሮፓውያን አንዱ ዶክተር ሄንሪ ብላንክ ይባላል፣ በእንግሊዝ የሕንድ ጦር ውስጥ ያገለግል የነበረ ሐኪም ነው። እስረኛም ሆኖ በሽተኛ ያይ ነበር። መሣሪያው ምን ነበር ቢባል እጁና ጆሮው ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ቢያመጡለት ሆዱን ዳብሶ፣ ምላሱን አይቶ፣ ግንባሩን ነክቶ ከመገመት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ለነገሩ ለንደን ቢሆንም ያው ነበር። በዚያ ዘመን በሕፃን ሆድ ጉዳይ የመቅደላና የለንደን ልዩነት የአንድ ብርድ ልብስ ያህል ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሰዉ፤ አምባይቱ ተያዘች፣ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ከመቅደላ ስለተወሰደው ታቦት፣ ዘውድና ብራና ብዙ ተጽፏል። ከተወሰዱት መካከል ግን የሦስት ወይም የአራት ዓመት ዕድሜ ያለው ሕፃንም ነበር። በጦርነቱ ትርምስ ከቤተሰቡ ጠፍቶ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገባ፣ ወደ ሕንድ ሄደ፣ አደገ፣ ላሆር ላይ ሕክምና አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው፤ ዘመናዊ ሕክምና የተማረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። በርማ ውስጥ በሐኪምነት ሲያገለግል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1899 ሀገሩን ለማየት ተመለሰ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሐኪማችን ከዚያ ደጋ ላይ የጠፋ ልጅ ነው። ሐኪሙ በውጭ ሀገር እየተሠራ ልጆቹ እዚህ የሚታመሙበት ወግ ያኔ ነው የተጀመረው ብንል ነገር ፍለጋ ይሆንብን ይሆን?

ወደ 1888 ዓ.ም. እንለፍ። አፄ ምኒልክ የክተት አዋጃቸውን ሲያስነግሩ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት አዘዋል። ወረኢሉ የመካነ ሰላም ሰው ወደ ምሥራቅ ሲያይ የሚያውቃት ሀገር ናት። በዚያው በጥቅምት ወር ደጋው በድንኳን፣ በበቅሎና በስንቅ ተሞላ። እና በዚያው ወር መጨረሻ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895)፣ ጀርመን ሀገር ዉርዝቡርግ በምትባል ከተማ ቪልሄልም ሬንትገን የተባለ የፊዚክስ መምህር በጨለመ ክፍል ውስጥ በጥቁር ወረቀት የተሸፈነ የመስታወት ቱቦ ሲሞክር፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ በኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ምንነቱን ስላላወቀው «ኤክስ» አለው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚስቱን የአናን እጅ በጨረሩ አነሳው፤ አጥንቷና የጣት ቀለበቷ ታየ። የአድዋ ድል የካቲት 23 ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ፣ አራት ወር በማይሞላ ልዩነት የተፈጸሙ ናቸው።

መገጣጠማቸው በቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ትዝብት ብለን እናልፈው ነበር። ግን ተገናኝተዋል። ከአድዋው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የጣሊያን ወታደሮች ኔፕልስ ወዳለው ወታደራዊ ሆስፒታል ሲገቡ፣ ሌተናል ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የሚባል ሐኪም የሁለት ወታደሮችን ክንድ በአዲሱ ጨረር አንስቶ ጥይቱ የተቀበረበትን ቦታ አገኘ። ይህም በዚያው በእኛው 1888 ዓ.ም. ነው። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው ይህ ነው ይላሉ። ልብ በሉልን፤ ጨረሩ በታሪክ ውስጥ ከፈለጋቸው የመጀመሪያዎቹ የጦር ሜዳ ጥይቶች መካከል የእኛ አባቶች የተኮሷቸው አሉ!

ስሙንም ያገኘነው ከዚያው ወገን ነው። እንግሊዝኛ የሚወድ ሰው «ኤክስሬይ» ይላል፤ ሕዝቡ ግን «ራጅ» ነው የሚለው። ራጅ ጣሊያኖች ጨረርን «ራጂ» ከሚሉት የመጣ ነው። ግሡን ደግሞ ራሳችን ጨመርንበት። ፎቶ እንደምንነሳው ሁሉ ራጅ እንነሳለን። በዚህ ቃል ውስጥ ያለውን እምነት እንወደዋለን፤ ፎቶ የተነሳ ሰው መልኩ እንደሚወጣለት፣ ራጅ የተነሳም በሽታው ይወጣለታል ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

ራጅ ጥይት ያሳያል፣ አጥንት ያሳያል፣ የተዋጠ ሳንቲም ያሳያል። ጨረሩ ብረትና አጥንት ላይ ይቆማል፣ አየር ውስጥ ያልፋል፣ ሥጋና ውኃ ላይ ግን ግማሽ ግማሽ ይሆናል። አንጀት፣ ጉበት፣ ጣፊያ፣ ደም፣ መግል ሁሉም በፊልሙ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ጭጋግ ናቸው። ስለዚህ ሆድ እምቢ አለ። ራጅ ስለ ሆድ የሚናገረው በአየሩ በኩል ነው። አንጀት ተዘግቶ ከሆነ ልጁን አቁመው ሲያነሱት በውኃና በአየር መካከል እንደ ደረጃ የተደረደሩ መስመሮች ይታያሉ፤ አንጀት ከተበሳ ደግሞ ያመለጠው አየር ከሳንባ በታች እንደ ቀጭን ጨረቃ ይቀመጣል። ይህ ብዙ ነው፤ ነፍስ ያድናል። ትርፍ አንጀት ሲያብጥ ግን ራጁ ብዙውን ጊዜ ዝም ነው የሚል።

ትርፍ አንጀት ካነሳን አይቀር አንድ ጨዋታ እንጨምር። በሰኔ 1894 ዓ.ም. የእንግሊዙ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭን ዓለም ሁሉ ተጠርቶ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል የተወከሉት ራስ መኮንን ናቸው። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ንጉሡ ሆዱን ያዘና ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ፍሬድሪክ ትሪቭስ የሚባለው ቀዶ ሐኪም በትርፍ አንጀቱ ዙሪያ የተጠራቀመውን መግል አፈሰሰለት። በዓሉ ወደ ነሐሴ 3 ተላለፈ። ራጅ ከተገኘ ስድስት ዓመት አልፎታል፣ በሽተኛው የዓለም ትልቁ ግዛት ንጉሥ ነው፤ የተመረመረው ግን እንደ መቅደላው ዘመን በእጅ ነው። ይኸውላችሁ፣ የነጋሢው ሆድም የሆድን በሆድ ይዞ ነበር።

ደሴን ስንፈልግ ያገኘነው ደግሞ የሚያሳዝን ነው። በ1920ዎቹ የአድቬንቲስት ሚስዮን ሐኪሞች ደሴ ላይ በተፈሪ መኮንን ስም የሚጠራ ሆስፒታል ያካሂዱ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ያ ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖችም ተመቱ። ቀኑ በፈረንጅ ዲሴምበር 6 ነበር። ከ86 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ የቆየችው ደሴ በመንግሥት ኃይሎች እጅ መመለሷ የተነገረውም በዲሴምበር 6 ነው። በዚያ መካከል የከተማው ትልቅ ሆስፒታል ተዘርፏል። አንድ ማሽን ደሴ ላይ ሲጠፋ የሚጎዳው የደሴ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከአጅባር፣ ከወግዲ፣ ከመካነ ሰላም ሪፈር ይዞ የሚመጣው ሁሉ ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። ያን ጉልበቱን እየሰበሰበ የሚጮኸውን ልጅ ምን ሊያመው እንደሚችል ያን ቀን አላወቅንም ነበር። በኋላ ያነበብነው ሁሉ ወደ አንድ በሽታ ይጠቁማል፤ ነው ብለን ግን አንምልም። ሐኪሞች ኢንተሰሰፕሽን ይሉታል። የሹራብ እጅጌ ሲያወልቁት ወደ ውስጥ ታጥፎ በራሱ ውስጥ እንደሚገባ፣ አንዱ የአንጀት ክፍል በሌላው ውስጥ ይሰለባል። ጨቅላዎችንና ትንንሽ ልጆችን፣ በተለይ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ወር ያሉትን ያጠቃል። አንጀቱ ሊገፋ ሲሞክር ልጁ ይጮኻል፤ ሲደክመው ይተወዋል። ያስታውካል። ቆይቶ ሰገራው ላይ እንደ ቀይ ማርማላታ ያለ ደም ይታያል፤ ያኔ ብዙ ሰው ተቅማጥ ነው ይላል፣ የተቅማጥ መድኃኒት ይሰጠዋል። የተሰለበው አንጀት ደም ስለማያገኝ በሰዓታት ይቆጠራል። በጊዜ ከተገኘ ያለ ቢላዋ ይመለሳል። ከዘገየ አንጀቱ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና ነው፣ እሱም ከደረሰ።

ያለ ቢላዋ ይመለሳል ስንል ቀልድ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። የዴንማርኩ ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ ገና እ.ኤ.አ. በ1876 በፊንጢጣ በኩል ውኃ በግፊት እያስገባ አንጀቱን ወደ ቦታው እንደሚመልስ ጽፏል። ችግሩ ውስጡን ሳያይ ነበር የሚሠራው፤ መመለሱን በእጁ ዳብሶ ነው የሚገምተው። እ.ኤ.አ. በ1913 የቦስተኑ ዊሊያም ላድ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ አስገብቶ የተሰለበውን አንጀት በፊልም አሳየ። ከዚያ እነ ማርክ ራቪች በ1940ዎቹ የባሪየሙን ዘዴ አስፋፉት። ሻንጋይ ላይ ደግሞ ውኃውን በአየር ተክተው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጽሑፍ በ13 ዓመት ውስጥ 6,396 ጉዳዮችን እንዳዩ ዘገቡ። ይህ ሁሉ ግን ጨረር ይፈልጋል። ሕፃንን በጨረር ሥር ማቆየት ደግሞ ማንም ደስ ብሎት የሚያደርገው ነገር አይደለም።

ነገሩን የቀየረው ድምፅ ነው። ግላስጎው ውስጥ ኢያን ዶናልድ የሚባል የማሕፀን ሐኪም ነበር። በአንድ የቦይለር ፋብሪካ ውስጥ የብረት ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ እንደሚፈለግ አይቶ፣ ብረት ላይ ከሠራ ሰው ላይ ለምን አይሠራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጡት ዝነኛ ጽሑፍ ርዕሱ ስለ እርግዝና ሳይሆን በሆድ ውስጥ ስላሉ እብጠቶች ነበር። ካንሰር ነው ተብላ ተስፋ የተቆረጠባት አንዲት ሴት ያለባት ውኃ የቋጠረ ዕጢ መሆኑን አሳዩ፤ ወጣላት፣ ዳነች። አልትራሳውንድን ከሽል ጋር ብቻ ያገናኘነው በኋላ ነው። እኛ ሀገርማ «አልትራሳውንድ» ሲባል የሚቀጥለው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ወንድ ነው ሴት?»

ትርፍ አንጀትን በዚህ መሣሪያ ማየት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1986 ሆላንዳዊው ፑይላርት ዘዴውን ካሳየ በኋላ ነው። ዘዴው አያቶቻችን ሆድ ሲዳብሱ ከሚያደርጉት ብዙ አይርቅም። መሣሪያውን ቀስ አድርጎ እየተጫኑ አየሩን መግፋት ነው። ጤነኛው አንጀት ሲጫኑት ይተኛል፣ ያበጠው አልጨፈለቅም ይላል። የተሰለበው አንጀት ደግሞ በመስቀለኛ ሲታይ ልክ እንደ ተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም ይላሉ። ወስፋት ተጠቅልሎ አንጀት ሲዘጋም መስመር በመስመር ሆኖ ይለያል። ጨረር የለም፣ ሕመም የለም፣ መሣሪያው ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ለደጋ ልጅ የተሠራ ነው የሚመስለው።

አንድ ጉድለት ብቻ አለው። የራጅ ፊልም ፖስታ ውስጥ ተከትቶ ደሴም አዲስ አበባም ይሄዳል፤ የሚያነበው ሰው ሌላ ቦታ ቢሆን ችግር የለም። አልትራሳውንድ ግን የሚነበበው እየታየ ነው። እጁና ዐይኑ አብረው ካልሠለጠኑ ማሽኑ የበረዶ ዝናብ ያሳያል፣ ሌላ ምንም። እናትየዋ በአንድ መስመር የነገረችን ይህን ነበር።

(«ሲቲ ስካንስ?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ላይ የመጀመሪያው በሽተኛ የተነሳበት ይህ መሣሪያ ሆድን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ እኛም ከተሜዎቹ ገንዘብ ካለን «ሲቲ ይነሳልኝ» ማለት ጀምረናል። ግን ጨረሩ ከራጅ እጅግ ይበዛል፣ የልጅ ሥጋ ደግሞ ለጨረር ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ በልጆች ሲቲ ምክንያት በኋላ ሊመጣ የሚችለውን ካንሰር የሚገምት ጥናት ሲወጣ ወላጅ ሁሉ ደነገጠ፤ በ2008 የልጆችን ጨረር የመቀነስ ዘመቻ ተጀመረ። ዛሬ ሀብታሞቹ ሀገሮች ራሳቸው የልጅ ሆድ ሲታመም መጀመሪያ የሚያነሱት አልትራሳውንዱን ነው። ይህን የምንለው «የድሃ መሣሪያ ነው» ብለው ለሚያጣጥሉት ነው።)

አሁን ወደ ዉርዝቡርግ አንድ ጊዜ እንመለስ። ሬንትገን ጨረሩን ባየባት በዚያችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በሕፃናት ራዲዮሎጂ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት አንዱ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ካሳ ዳርጌ ናቸው። የልጆችን ኩላሊትና የሽንት መንገድ ያለ ጨረር፣ በአልትራሳውንድ የማየትን ዘዴ ካስፋፉት ሰዎች ግንባር ቀደም ናቸው። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው የፊላደልፊያ ሕፃናት ሆስፒታልን የራዲዮሎጂ ክፍል መሩ። ሀገራቸውን ግን አልረሱም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአዲስ አበባና የፊላደልፊያ ሐኪሞች በጋራ ያወጡት ጽሑፍ አለ፣ እሳቸውም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ናቸው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ የተሰለበ አንጀትን በአልትራሳውንድ እያዩ በጨው ውኃ ስለ መመለስ የተጻፈ ነው። ከዚያ በፊት የዚህ በሽታ መፍትሔ ቀዶ ጥገና ነበር።

ዘዴውን ስሙትና ፍረዱ። ጨው ያለበት ንጹሕ ውኃ በከረጢት ተደርጎ ከልጁ በላይ አንድ ሜትር ያህል ይሰቀላል። በቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ በኩል ይገባል። አንዱ ሐኪም ውኃውን ይቆጣጠራል፣ ሌላው የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ልጁ ሆድ ላይ አድርጎ ይመለከታል። የሽንኩርቱ ቀለበት ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በመጨረሻ ይጠፋል፣ ውኃው ወደ ትንሹ አንጀት ሲፈስ ይታያል። አለቀ። ሂርሽስፕሩንግ በ1876 በጭፍን የሠራውን ሥራ አሁን የሚያይ ዐይን ተጨመረለት እንጂ ውኃው ያው ውኃ ነው። ማሽኑም አዲስ አልነበረም፤ አልትራሳውንድ በሀገሪቱ ሆስፒታሎች ለእርጉዞች ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል ነበር። አዲስ የሆነው አንድ ነገር ነው፤ ማየትን የተማረ ሰው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ መንገዱን እንዴት ይሻገር ነው፣ ከጥቁር አንበሳ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም። በጤና ሥርዓታችን አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ የታሰበ ነው። ጠቅላላ ሆስፒታል ከአንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል እስከ አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ያገለግላል። ራዲዮሎጂስቶቹ ያሉት ከላይ ነው፤ ልጆቹ ያሉት ከታች። በቀዶ ጥገና በኩል ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2002 ዓ.ም. ገደማ ጥሩ ነገር ተጀምሮ ነበር። ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ አሠልጥኖ ለምጥና ለድንገተኛ ቀዶ ጥገና ወደ ወረዳ መላክ። ትርፍ አንጀት ያወጣሉ፣ የተቋጠረ አንጀት ይፈታሉ፣ ሆድ ከፍተው ይዘጋሉ። ስፔሻሊስት እስኪመጣ አልተጠበቀም። የአዋላጅ ነርሶችም እንዲሁ ነው፤ በጤና ጣቢያ ደረጃ በትንንሽ አልትራሳውንድ ሽል ማየት ተምረዋል። እንግዲህ ያው መሣሪያ፣ ያው ሆድ ነው። የሽልን ጭንቅላት መለካት የተማረ እጅ የሽንኩርት ቀለበት መለየት ይማራል ብለን እናምናለን። ውኃውን ማስገባት የቀዶ ሐኪም በቅርብ መኖርን ስለሚጠይቅ ለትልቁ ሆስፒታል ይቆይ። ነገር ግን መለየቱ ብቻ ልጁን በጠዋቱ አምቡላንስ ያስይዘዋል፤ «ተቅማጥ ነው» ተብሎ ሁለት ቀን ቤቱ እንዳይተኛ ያደርገዋል።

ቁጥር ለሚወዱ አንድ ነገር እንጨምር። ኢትዮጵያ የሮታ ቫይረስን ክትባት በ2006 ዓ.ም. ጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ሌላ የሮታ ክትባት አንጀት እንዲሰለብ ያደርጋል ተብሎ ከገበያ ወጥቶ ስለነበር፣ አዲሱ እንዳያደርግ ለማረጋገጥ ኢትዮጵያን ጨምሮ ሰባት የአፍሪካ ሀገሮች በየሆስፒታላቸው በዚህ በሽታ የገቡ ጨቅላዎችን መመዝገብ ጀመሩ። በ2018 በወጣው ውጤት ክትባቱ ነፃ ሆነ፤ እልል ያሰኛል። እኛን የያዘን ግን ሌላ ነገር ነው። መዝገቡ ውስጥ የገባው ሆስፒታል የደረሰ ልጅ ነው። አውቶብስ ውስጥ ያለ፣ ዳገት ላይ ያለ፣ ቤቱ ጤና አዳም እየተሸተተለት ያለ ልጅ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

መካነ ሰላም ዛሬ ሆስፒታል አላት፤ ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎችም አንዱ እዚያ ነው። (ስሙን ማን እንዳወጣለት አናውቅም፣ ሐኪም ወርቅነህን አስቦ ከሆነ ግን እናመሰግነዋለን።) ሐምሌ ውስጥ ጭጋጉ ወርዶ ከተማዋን ሲሸፍናት ከቤት ቤት መተያየት ያስቸግራል። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ነበር አውቶብሳችን ከመናኸሪያው የወጣው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ።

አቀስታን ካለፍን በኋላ ልጁ መጮህ ተወ። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አልጀመረም። እናቱ ትከሻ ላይ ዘንበል ብሎ ዐይኑን ገርበብ አድርጎ ቀረ። ጤና አዳም የሰጠችው ሴትዮ «አላልኩም?» አለች። ኋላ የነበሩት አባት «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገ። እኛም ደስ ብሎን እንቅልፍ ወሰደን። ደሴ መናኸሪያ ስንወርድ እናትየዋ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ አየናት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እነሱ የሰማነው ነገር የለም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ስለ በሽታው ስናነብ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ የደገምነው። ሲጮህ የነበረ ልጅ ለቅሶውን ትቶ ከደነዘዘና ከፈዘዘ፣ ሐኪሞች መሮጥ ያለባቸው ያኔ ነው ይላል።